ያው መጥረጊያ፣ ሦስት ወረቀት

ደባርቅ ላይ በማለዳ የወጣ ሰው ያያቸዋል። ጭጋጉ ገና ከሜዳው ሳይነሳ፣ ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው፣ አንዷ ወደ መምህር ቤት፣ አንዷ ወደ ሆቴል፣ አንዷ ወደ ዩኒቨርሲቲው መንገድ ይበታተናሉ። ተመላላሽ እንላቸዋለን። ሰው ቤት አያድሩም፤ ቤት ጠርገው፣ ልብስ አጥበው፣ እንጀራ ጋግረው ማታ ወደ ልጆቻቸው ይመለሳሉ። ዳባትም ብትወርዱ ያው ነው። ደባርቅ በ2009 መጨረሻና በ2010 መባቻ የሰሜን ጎንደር ዞን ዋና ከተማ ስትሆን፣ ዩኒቨርሲቲዋም ሥራ ሲጀምር፣ ደመወዝተኛው በዛ፤ ደመወዝተኛው ሲበዛ ደግሞ ጠዋት ወጥቶ ማታ የሚገባ፣ ቤቱን የሚያይለት ሰው የሚፈልግ አባወራና ወንደላጤ በዛ።

ከነዚህ ሴቶች አንዷ፣ የሰፈሬ ልጅ፣ አንድ ቀን መንገድ ላይ አስቁማኝ እንዲህ አለችኝ፦ «ጋሼ፣ እኔ ግብር አለብኝ እንዴ?»

«አለብሽ» ወይም «የለብሽም» ብዬ የማልፈው መስሎኝ ነበር። ቤት ገብቼ አዋጁን ገልጬ ሳነብ መልሱ ሦስት ሆኖ አገኘሁት። ጉዳዩ በጣም ስለማረከኝ ለእናንተም ላስረዳችሁ ተነሣሁ፤ ምክንያቱም ይህ ጥያቄ የእሷ ብቻ አይደለም። ቤቱ ሰው ያሠራ፣ ሱቁን ያስጠረገ፣ ሆቴል ያለው፣ ለሰው ልብስ አጥቦ የሚኖር ሁሉ በዚሁ ጥያቄ ውስጥ አለበት።

መጀመሪያ የልጅቷን ሥራ ልንገራችሁ። ጠዋት ጠዋት አንድ ሆቴል ውስጥ ክፍል ታጸዳለች፤ በወር 3,500 ብር ይከፈላታል እንበል። ከሰዓት በኋላ በፈረቃ ሁለት ሰው ቤት ትሠራለች። አሁን ደግሞ ወደ ሰሜን ተራሮች ፓርክ የሚወጡ እንግዶችን የሚያሳድር አንድ ሎጅ፣ አንሶላና ብርድ ልብሱን ወደ ቤቷ ወስዳ በኮንትራት እንድታጥብለት ጠይቋታል። ያው እጅ፣ ያው ኦሞ፣ ያው መጥረጊያ ነው። በግብር ሕጉ ፊት ግን ሦስት የተለያዩ ሰዎች ናት። የሚለያያቸው አንድ ጥያቄ ነው፦ ገንዘቡ የወጣው ከማን ኪስ ነው፣ ሥራውን የሚያዝዘውስ ማን ነው? ይህችን ጥያቄ ያዙልኝ፤ የቀረው ሁሉ ከእሷ ይመዘዛል።

የሰው ቤት

የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ገቢን በአምስት ሠንጠረዥ ይከፍለዋል። ሠንጠረዥ «ሀ» ከመቀጠር የሚገኝ ገቢ ነው፤ እኛ የሥራ ግብር የምንለው። «ለ» የቤት ኪራይ ነው። «ሐ» የንግድ ሥራ ነው። «መ» ሌሎች ገቢዎችን ይይዛል። የመጨረሻው ሠንጠረዥ «ሠ» ከሁሉም የሚወደደው ነው፤ ከግብር ነጻ የሆኑ ገቢዎች የተዘረዘሩበት ነው። እዚያ ዝርዝር ውስጥ፣ ከጉዳት ካሳና ከመሳሰሉት ጋር፣ ለቤት ሠራተኛ የሚከፈል ደመወዝ አለ።

ስለዚህ ልጅቷ ከሰው ቤት የምታገኘው ገንዘብ ግብር የለበትም። የቤቱ ባለቤትም ከእሷ ላይ የሚቀንሰው፣ ለገቢዎች ጽሕፈት ቤት የሚያሳውቀው ነገር የለም። ምክንያቱን ለመገመት አይከብድም፤ እያንዳንዱ ቤተሰብ በወር በወሩ ግብር ቀንሶ የሚያስገባ ቢሆን ኖሮ የከተማው ቤት ሁሉ የሒሳብ ክፍል መክፈት ነበረበት።

ግን ነጻነቱ ከሌላ ነገር ጋር አብሮ ይመጣል፤ ይህን ሳልነግራችሁ ባልፍ ቅር ይለኛል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለቤተሰብ የሚሰጥ የጽዳት፣ የጥበቃ፣ የአትክልተኝነትና የመሳሰለውን አገልግሎት ለብቻው አውጥቶ፣ የሥራ ሁኔታው የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚያወጣው ደንብ ይወሰናል ብሎ ይተወዋል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአሠሪው ጋር ስለሚኖር ሠራተኛ ጥቂት አንቀጾች አሉት፤ ተመላላሿ ግን ከአሠሪዋ ጋር አትኖርም። የጡረታ መዋጮም ከሰው ቤት ደመወዝ ላይ አይቆረጥም። እንግዲህ ከግብር ዝርዝሩ ስትወጣ ከጥበቃውም ዝርዝር ወጣች ማለት ነው። ግብር የማይነካው ገንዘብ ወረቀትም የለውም፤ ወረቀት የሌለው ገንዘብ ደግሞ በተካካዱ ቀን ምስክር የለውም። ወደዚህ ነገር መጨረሻ ላይ እመለሳለሁ።

ከፊት ሱቅ፣ ከኋላ ቤት

እዚህ ላይ የደባርቅንና የዳባትን ቤት የሚያውቅ ሰው ወዲያው አንድ ጥያቄ ያነሣል። የዋናው መንገድ ቤት ሁሉ ከፊት ሱቅ፣ ከኋላ መኖሪያ አይደለም ወይ? አንዲት ሴት ጠዋት የሱቁን ወለል ጠርጋ፣ መደርደሪያውን ወልውላ፣ ከዚያ ወደ ጓዳ ገብታ ወጥ ብትሠራ፣ የማን ሠራተኛ ናት?

ያዙልኝ ያልኳችሁን ያቺን ጥያቄ አውጧት። ጓዳው የቤተሰብ ነው፤ ለቤተሰብ ኑሮ የወጣ ገንዘብ ነው። ሱቁ ግን ንግድ ነው። በሱቁ ውስጥ በነጋዴው ትእዛዝ የሚሠራ ሰው የንግድ ቤቱ ተቀጣሪ ነው፤ ሥራው መጥረግ ቢሆንም የቤት ሠራተኛ አይባልም።

ይህ ልዩነት ለነጋዴው ራሱ ትልቅ ነገር ነው። የሒሳብ መዝገብ የሚይዝ ነጋዴ ለሱቁ ጽዳት የከፈለውን ደመወዝ በወጪነት ሊይዘው ይችላል፤ ግን በደመወዝ መክፈያ ዝርዝር ላይ አስፍሮ፣ የሥራ ግብር የሚደርስበት ከሆነም ቀንሶ ማስገባት አለበት። ለጓዳው የከፈለውን ግን በወጪነት ሊያስይዝ አይችልም፤ የግል ፍጆታ ነውና ሕጉ አይቀበለውም። ሁለቱን አንድ ላይ ደባልቆ «ለሠራተኛ» ብሎ የሚጽፍ ነጋዴ፣ ኦዲት በመጣ ቀን ትክክለኛውንም ወጪ አብሮ ያጣዋል። ስለዚህ ሱቅም ቤትም የምታሠሩ ወዳጆቼ፣ ስትዋዋሉ ይህ ያህሉ ለሱቅ፣ ይህ ያህሉ ለቤት ብላችሁ ለዩት። ለሠራተኛዋም ንገሯት፤ የእሷ ጉዳይ ነውና።

ሆቴሉ

አሁን ወደ ጠዋቱ ሥራዋ እንሂድ። ሆቴሉ ሰዓት ያስገባታል፣ ክፍል ይመድብላታል፣ አንሶላና በረኪና ይሰጣታል፣ ሥራዋን ይቆጣጠራል። ሕጉ ተቀጣሪ የሚለው በሌላ ሰው አመራርና ቁጥጥር ሥር የሚሠራን ሰው ነው፤ ቋሚ ይሁን ጊዜያዊ ለውጥ የለውም። ስለዚህ እዚህ ቤት ሠንጠረዥ «ሀ» ይሠራል። ሆቴሉ ግብሩን ከደመወዟ ቀንሶ በየወሩ ያስገባል፤ እሷ ራሷ ቢሮ መሄድ አይጠበቅባትም።

ምን ያህል ይቀነሳል? እዚህ ላይ ደስ የሚል ነገር አለ። በአዋጅ 979/2008 ከግብር ነጻ የነበረው የወር ደመወዝ እስከ 600 ብር ብቻ ነበር። በ2017 የወጣው ማሻሻያ፣ አዋጅ ቁጥር 1395/2017፣ ይህን ወደ 2,000 ብር ከፍ አደረገው። ከ2,001 እስከ 4,000 ያለው 15 በመቶ፣ ከ4,001 እስከ 7,000 ያለው 20 በመቶ፣ ከ7,001 እስከ 10,000 ያለው 25 በመቶ፣ ከ10,001 እስከ 14,000 ያለው 30 በመቶ፣ ከ14,000 በላይ ያለው 35 በመቶ ይቆረጥበታል።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። 3,500 ብር የምታገኝ ሴት በጠቅላላው ገንዘቧ ላይ 15 በመቶ የሚቆረጥባት ይመስለዋል። አይደለም። የመጀመሪያው 2,000 ብር አይነካም። 15 በመቶው የሚታሰበው ከ2,000 በላይ ባለው በ1,500 ብር ላይ ብቻ ነው፤ ይህም 225 ብር ይሆናል። በድሮው ሠንጠረዥ አስሉትና አወዳድሩ፦ ከመጀመሪያው 600 ምንም፣ ከቀጣዩ 1,050 ላይ 10 በመቶ 105 ብር፣ ከቀጣዩ 1,550 ላይ 15 በመቶ 232 ብር ከ50፣ ከተረፈው 300 ላይ 20 በመቶ 60 ብር። ድምሩ 397 ብር ከ50 ነበር። ልዩነቱ በወር 172 ብር ከ50 ነው፤ በዓመት ከ2,000 ብር ይበልጣል። ለእሷ ይህ የልጅ ዩኒፎርምና ደብተር ነው።

ከግብሩ ሌላ ጡረታ አለ። በግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ ሠራተኛዋ ከደመወዟ 7 በመቶ ታዋጣለች፤ ድርጅቱ ደግሞ ከራሱ ኪስ 11 በመቶ ይጨምርላታል። በ3,500 ብር ሲሰላ የእሷ 245 ብር፣ የሆቴሉ 385 ብር ነው። እጇ የሚገባው 3,030 ብር ይሆናል። ጡረታ ቅጣት የሚመስላት ካለች ይህን ልንገራት፦ አንቺ 245 ስታስቀምጪ ሌላ ሰው 385 የሚጨምርልሽ ዕቁብ የት ይገኛል?

አንድ የቆየ ቅሬታ ግን ሳላነሣ አላልፍም። የማውቃት አንዲት ሴት፣ ስሙን በማልጠራው ቤት ሁለት ዓመት ስትሠራ «ግብርና ጡረታ ነው» እየተባለ ገንዘብ ተቀንሶባታል። አንድም ቀን ግን የደመወዝ ወረቀት አልተሰጣትም። ስትወጣ የጡረታ ቁጥሯን ጠየቀች፤ መልስ አላገኘችም። የተቀነሰው ገንዘብ የት እንደገባ ዛሬም አታውቅም። ይህ ነገር ያንገበግበኛል። ስለዚህ በሆቴልም፣ በሱቅም፣ በትምህርት ቤትም የምትሠሩ ሁሉ፣ ገንዘብ ከተቀነሰባችሁ የተቀነሰበትን ወረቀት መጠየቅ መብታችሁ ነው። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥራችሁና የጡረታ ቁጥራችሁ በዝርዝሩ ላይ መኖሩን በዓይናችሁ እዩ።

የራሷ ሥራ

ሦስተኛው ወረቀት ሎጁ ያመጣው ነው፤ ጥያቄውን ያስነሣባትም እሱ ነው። አንሶላውን ወደ ቤቷ ትወስዳለች። በፈለገችው ሰዓት፣ በራሷ ሳሙና፣ በራሷ ማገዶ አጥባ፣ አድርቃ፣ አጥፋ ትመልሳለች። ሎጁ የሚቀበላት የታጠበውን አንሶላ ነው፤ እንዴት እንደምታጥብ፣ በስንት ሰዓት እንደምትነሣ አያዝዛትም። እንግዲህ እዚህ ላይ ተቀጣሪ መሆኗ ቀርቶ ነጋዴ ሆናለች። ገቢዋ ወደ ሠንጠረዥ «ሐ» ይገባል።

ለዚህ መጀመሪያ የሚያስፈልጋት የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ነው፤ ሁላችንም ቲን የምንለው ባለ 10 አኃዝ ቁጥር። አንድ ሰው የሚኖረው አንድ ቁጥር ብቻ ነው። በሆቴሉ ሥራ ምክንያት ቀድሞ ከወጣላት ሌላ አታወጣም፤ ያንኑ ይዛ የንግድ ፈቃድ ታወጣለች። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይፈራል፤ «ቲን ካወጣሁ ገቡብኝ» ይላል። ፍርሃቱ ይገባኛል። ግን ተቃራኒውን በቁጥር ላሳያችሁ።

አዋጅ 979/2008 ድርጅቶች ለአገልግሎት ከ3,000 ብር በላይ በአንድ ጊዜ ሲከፍሉ 2 በመቶ ቀንሰው እንዲያስገቡ ያዝዝ ነበር። ተከፋዩ መለያ ቁጥር ካላቀረበ ግን የሚቀነሰው 30 በመቶ ነበር። በዚያ ሕግ ሎጁ የወሩን አጠባ 4,000 ብር ቢከፍላት ቁጥር ካላት 80 ብር፣ ከሌላት 1,200 ብር ይቀነስባት ነበር ማለት ነው። መነሻውና መቶኛው ከዚያ ወዲህ በማሻሻያ ተለዋውጧል፤ ነገሩ ግን አንድ ነው፦ ቁጥር የሌለው ሰው የበለጠ ይቆረጥበታል። ቁጥር ካላት የሚቀነስባት ገንዘብ ደግሞ ጠፍቶ አይቀርም። ሎጁ የሚሰጣትን የተቀናሽ ደረሰኝ አስቀምጣ፣ ዓመቱ ሲያልቅ ከሚደርስባት ግብር ላይ ታስቀንሰዋለች። ደረሰኙን የጣለች እንደሆነ ግን ያንኑ ግብር ሁለቴ ከፈለች ማለት ነው።

ከዚያ ደረጃው ይመጣል። በ2008ቱ አዋጅ ዓመታዊ ገቢው 1 ሚሊዮን ብርና ከዚያ በላይ የሆነ ደረጃ «ሀ»፣ ከ500,000 እስከ 1 ሚሊዮን ያለው ደረጃ «ለ»፣ ከዚያ በታች ያለው ደረጃ «ሐ» ነበር። የ2017ቱ ማሻሻያ ሦስቱን ወደ ሁለት አውርዶ መስመሩን 2 ሚሊዮን ብር ላይ አሰመረው። ልብስ አጣቢዋ በየትኛውም አቆጣጠር ከታችኛው ደረጃ ናት፤ እንደ ትልቅ ድርጅት የሒሳብ መዝገብ አትጠየቅም። በደረጃ «ሐ» ልማድ ግብሩ በቁርጥ ተወስኖ ከሐምሌ 1 እስከ ሐምሌ 30 ይከፈል ነበር፤ ለዚህ ነው ሐምሌ ሲገባ የገቢዎች ደጅ በሰልፍ የሚሞላው።

ቁርጥ ግብር የሚለው ቃል ጉድ ያለበት ቃል ነው። መዝገብ ከሌለ ገቢው የሚታወቀው በግምት ነው። ገማቹ ይመጣል፣ ቤቱን ያያል፣ ይጠይቃል፣ «በቀን ይህን ያህል ትሸጫለሽ» ይላል። በ2009 ዓ.ም. ክረምት በመላ አገሪቱ የቀን ገቢ ግምት ሲወጣ የተነሣውን ቅሬታ የማያስታውስ ነጋዴ የለም፤ በአንዳንድ ከተሞች ሱቅ እስከመዝጋት ተደርሶ ነበር። ያኔ ቅሬታ ይዞ የቀረበው ሰው ሁሉ የሚጠየቀው አንድ ነገር ነበር፦ ግምቱ የበዛ ነው ካልክ ትክክለኛው የትኛው ነው? ማስረጃ ያለው ሰው ይሰማል። የሌለው ሰው እውነት ቢኖረውም የሚያሳየው የለውም።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። አንሶላው ሲበዛባት ሁለት ጎረቤቶቿን አሳጥባ ብትከፍላቸው፣ ትናንት ተቀጣሪ የነበረችው ሴት ዛሬ አሠሪ ሆነች። እነሱ የሰው ቤት ሠራተኞች አይደሉም፤ የንግድ ሥራ ተቀጣሪዎች ናቸው። በወር እስከ 2,000 ብር ከሆነ የሚከፈላቸው ግብር አይደርስባቸውም፤ ከዚያ ካለፈ ግን ቀንሳ ማስገባት የእሷ ግዴታ ነው። ሆቴሉን «ወረቀቴን ስጡኝ» ያለች ሴት ለእነሱም ወረቀት መስጠት አለባት።

ይህ መለኪያ ለአጣቢዎች ብቻ የሚሠራ እንዳይመስላችሁ። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በፈረንጆች 1978 በዩኔስኮ መዝገብ ከገባ ወዲህ ደባርቅ የአስጎብኚ፣ የምግብ አብሳይ፣ የበቅሎ ነጂ ከተማ ሆናለች። የጦርነት ዓመታት እንግዳውን ቢያርቁትም ሙያው አልጠፋም። በማን ትእዛዝ ነው የምሠራው፣ ከማን ኪስ ነው የሚከፈለኝ ብሎ ራሱን የጠየቀ በቅሎ ነጂም የራሱን ሠንጠረዥ ያገኘዋል።

ገንዘቡ የት ይሄዳል?

ሌላው የሚጠይቁኝ ነገር «ይህ ሁሉ አዲስ አበባ ነው የሚሄደው?» የሚል ነው። አይደለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 97 በክልሉ ውስጥ የሚሠሩ የግል ድርጅት ተቀጣሪዎችን የሥራ ግብር፣ እንዲሁም የግለሰብ ነጋዴዎችን ግብር ለክልሎች ሰጥቷል። የልጅቷ 225 ብርም፣ የአጠባው ግብርም የአማራ ክልል ገቢ ነው። በዚሁ ምክንያት ክልሉ የራሱ የገቢ ግብር አዋጅ አለው፤ አሠራሩ ከፌዴራሉ ጋር የተቀራረበ ነው። እኔ የጠቀስኳቸው ቁጥሮች የፌዴራሉ ናቸው፤ የዓመቱን ሠንጠረዥ ከከተማችሁ ገቢዎች ጽሕፈት ቤት ማረጋገጥ ለማንም አይከብድም።

ሌላው ዓለምስ? የቤት ሠራተኛ ግብርና ጡረታ ጉዳይ ብዙ አገር ያስጨነቀ ነው። ፈረንሳይ በፈረንጆች 2006 ያስጀመረችው አሠራር አለ፤ ቤተሰቡ ለጽዳት ሠራተኛዋ የከፈለውን በኢንተርኔት ያሳውቃል፣ መዋጮውን መንግሥት ራሱ ያሰላል፣ ለሠራተኛዋም የደመወዝ ወረቀት ይወጣላታል። ለዚህ ትጋቱ ቤተሰቡ ካወጣው ወጪ ግማሹን ከግብሩ ይቀነስለታል። አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን ደግሞ ሁለቱንም ጎን ያውቁታል። በፈረንጆች 2025 አንድ ቤተሰብ ለአንድ የቤት ሠራተኛ በዓመት 2,800 ዶላርና ከዚያ በላይ ከከፈለ የማኅበራዊ ዋስትናና የሕክምና መዋጮ መክፈል ግዴታው ነበር። በራሷ ስም ቤት እየዞረች የምታጸዳ ሴት ደግሞ የተጣራ ገቢዋ 400 ዶላር ከደረሰ ራሷ ታሳውቃለች። እዚያ የሠራችበት ወረቀት አርጅታ ጡረታ የምትቀበልበት ወረቀት ይሆናል። የእኛ ሕግ የቤት ሠራተኛን ከግብር ነጻ አውጥቶ እዚያው ትቷታል፤ ነጻነቱን ሳይነካ ጡረታውን የሚጨምርላት አሠራር ቢመጣ ደስታዬ ወሰን አይኖረውም።

ደብተሩ

እስከዚያ ድረስ ግን በእጃችን ያለ ነገር አለ። ለልጅቷ የመከርኳት ይህንን ነው፤ አሁን የምትሠራበትም ነው።

ከሱቅ አንድ ባለ 50 ቅጠል ደብተር ገዛች። እያንዳንዱን ገጽ በማስመሪያ በአምስት ከፈለችው፦ ቀን፣ የማን ቤት፣ ምን ሠራሁ፣ ስንት ተከፈለኝ፣ ፊርማ። አንዱን መስመር እንዳለ ላሳያችሁ። «መስከረም 12። የእትዬ ቤት። ጽዳትና አጠባ። 300 ብር። በቴሌብር።» ከጎኑ የእትዬ ፊርማ አለ። መጀመሪያ ቀን ደብተሩን ስትዘረጋላቸው እትዬ ደንግጠው ነበር። «ምነው ልጄ፣ ልትከሺኝ ነው?» አሏት። እሷም «አይደለም እትዬ፣ ለራሴ ማስታወሻ ነው፤ እርስዎም ከፍለው ረስተውት ደግመው እንዳይከፍሉ» አለቻቸው። ስቀው ፈረሙ። አሁን ደብተሩን ረስታ ስትመጣ የሚቆጧት እሳቸው ናቸው።

በደብተሩ ጀርባ ሌላ ገጽ አለ፤ ለአጠባው ሥራ የወጣ ወጪ የሚሰፍርበት። ኦሞ፣ በረኪና፣ ማገዶ፣ ውኃ። ደረሰኝ ያለውን በመርፌ ቁልፍ ታያይዘዋለች። የሎጁ ተቀናሽ ደረሰኝ ለብቻው በፖስታ ውስጥ ነው። የሰው ቤቱ፣ የሆቴሉና የአጠባው ገንዘብ አንድ ገጽ ላይ አይቀላቀሉም፤ እንዳልኳችሁ በሕጉ ፊት ሦስቱ የተለያዩ ናቸውና። ገማች ቢመጣ የምታሳየው የአጠባውን ገጽ ነው። ብድር ቢያስፈልጋት ገቢዋን የምታሳይበት ሦስቱም ገጽ ነው። ከሰው ጋር በደመወዝ ብትካካድ ፊርማው አለላት።

እናንተ አሠሪዎችም ስሙኝ። የቤት ሠራተኛችሁ ደመወዝ ከግብር ነጻ ስለሆነ ወረቀት አያስፈልገውም ማለት አይደለም። ስትከፍሏት በቴሌብር ወይም በባንክ ብትልኩላት ማስረጃው ለሁለታችሁም ይቀራል። በእጅ ከከፈላችሁ ፈርሙላት። ስትወጣ «ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን እኛ ቤት በታማኝነት ሠርታለች» የሚል አንድ መስመር ጻፉላት። አንድ ደቂቃ አይፈጅባችሁም፤ ለእሷ ግን ቀጣዩን በር የሚከፍትላት ቁልፍ ነው።

በቋንቋችን ግብር የሚለው ቃል ሁለት ትርጉም አለው። ለመንግሥት የሚገባው ግብር ነው፤ በንጉሥ ደጅ የሚበላውም ግብር ነበር። የጎንደር አገር ሰው ይህን ከማንም በላይ ያውቃል፤ ያስገባ ሰው አብሮ ይቀመጥ ነበር። ተመላላሿ ሴት ከግብሩ ነጻ ናት ብለን ከማዕዱም ልናስቀራት አይገባም። ደብተር ግዙላት፣ ወይም ስትዘረጋላችሁ ፈርሙላት። ዛሬ ማታ ሥራዋን ጨርሳ ስትወጣ ጀምሩት።